የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተሰበረውን ጋን ማን ይክፈል?

በዚህ ወር ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች እንደተነጋገሩ ሁሉ የሚጠይቁት ስለ ሱፐርሂሮ ቡድን ነው። ኃይለኛ ጠላት አለ፣ የሚከላከሉ ጀግኖች አሉ፣ ጀግኖቹን የማያምን ሕዝብ አለ። ለኮሚክ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

«ሦስት ሆነን ኮሚክ እየሠራን ነው። ጀግኖቻችን አምስት ናቸው። ጠላታቸው ከአንገረብ ግድብ ደለል የሚነሳ ግዙፍ ፍጡር ነው፤ ምንም ነገር አይበግረውም። መጨረሻ ላይ አምስቱም አንድ ላይ ይመቱትና ይሞታል። ያነበቡት ጓደኞቻችን “ታዲያ መጀመሪያውኑ አንድ ላይ ለምን አልመቱትም?” አሉን። ምን እንመልስላቸው?» — ከአዘዞ

ጓደኞቻችሁ ልክ ናቸው፤ መልስ አትፈልጉላቸው፣ ታሪኩን አስተካክሉት። ጥፋቱ ያለው «ምንም አይበግረውም» የሚለው ላይ ነው። የማይበገር ጠላት ከተሸነፈ ደራሲው ዋሽቷል፣ ካልተሸነፈ ደግሞ ታሪኩ አያልቅም። አንድ ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ ምን ይፈልጋል። ሦስቱም መልሶች ከተሠራበት ነገር መውጣት አለባቸው።

ደለል መምረጣችሁ ብልህነት ነው፤ ጠባዩን ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። እርጥብ ደለል በኪዩቢክ ሜትር 1.7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ፍጡራችሁ 5 ሜትር ቁመት፣ 2 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ውፍረት ካለው 20 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ማለትም 34 ቶን። አሸዋ እስከ አፉ የጫነ ሲኖትራክ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲሄድ አስቡት። አስፋልቱ ይሰምጣል፣ የቦይ ክዳን ይሰበራል፣ ፎቅ ላይ መውጣት ግን አይችልም። ጭቃን በቡጢ የመታ ሰው ክንዱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍልሚያ ላይ ጉልበተኛው ጀግናችሁ ይምታውና እስከ ትከሻው ይሰርጎድ። ያኔ አንባቢ «አንድ ላይ ለምን አልመቱትም» ብሎ አይጠይቅም፤ በጉልበት እንደማይሆን በዓይኑ አይቷል።

ደለል ውኃ ሲጠጣ ይፈስሳል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠላታችሁ የቀን መቁጠሪያ አለው። በሚያዝያ ቅርፊት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ማንም አይቆመውም። ታሪኩን በግንቦት ጀምሩና ከገጽ ወደ ገጽ ደመናውን አጥቁሩት፤ «ሦስት ሳምንት ቀረ» ብሎ የሚጽፍ ሳጥን አያስፈልጋችሁም።

ፍጡሩን ሙሉውን በአንድ ጊዜ አታሳዩ። ገጽ 3 ላይ ከቧንቧ ጀሪካን ውስጥ ቡናማ ውኃ ይውረድ፤ በቃ። ገጽ 9 ላይ አንድ ክንድ ድልድይ ይዋጥ። ሙሉ ቁመናው ገጽ 14 ላይ ይምጣ።

አሁን ዋናው፦ ምን ያሸንፈዋል? ደለል ወደ ግድብ የሚገባው ከላይ ያለው ተራራ ሲራቆት ነው። የሚይዘው እርከን፣ የድንጋይ ክትርና ሥር ያለው ተክል ነው። ያ ሥራ ደግሞ በአምስት ሰው አይሆንም፤ አንዱ መብረቅ ቢወረውርም አይሆንም። ብዙ መቶ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ መውጣት አለበት። ያ ሰው ግን ጀግኖቹን አያምናቸውም። ጠላቱና የሕዝቡ ጥርጣሬ አንድ ቋጠሮ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ሳትፈቱ ሌላው አይፈታም። ቡጢው እስከ መጨረሻው ይኑር፣ ልጆች ይወዱታል፤ ሥራው ግን ፍጡሩን አንድ ሌሊት ማቆየት ብቻ ይሁን።

«እኛ ጋ ጀግኖቹ ከተማዋን ያድናሉ፣ ሕዝቡ ግን ይጠላቸዋል። መምህራችን “ያዳነውን ሰው ማን ይጠላል? አያሳምንም” አሉን። የውጭ ኮሚኮች ላይ ግን አለ።» — ከፒያሳ

መምህራችሁ ያሉት ገጹ ላይ ምክንያት ስላላዩ ነው። በውጭዎቹ ኮሚኮች ጥርጣሬው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንዱ «ማን እንደሆኑ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው ኤክስ-ሜን የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ሰዎቹ የሚፈሩት አብሯቸው በተወለደ ነገር ነው። ሌላው «ምን እንዳደረጉ» ነው። የመጀመሪያው ብዙ ገጽ ይበላል፣ በ24 ገጽ ኮሚክ አይሞከርም። ሁለተኛው አንድ ገጽ ይበቃዋል። እንዲህ ሥሩት (ሳጥን የምንለው በገጹ ላይ ያለውን አንድ የሥዕል ክፈፍ ነው)፦

ሳጥን 1፦ ጀግናው ጠላቱን አንስቶ ይወረውረዋል። ሳጥን 2፦ የአንዲት ጠላ ነጋዴ ግቢ፣ ጥላው ብቻ መሬት ላይ። ሳጥን 3፦ «ድርምስ!» ሳጥን 4፦ ጋኑ ለሁለት ተከፍሏል፣ ጠላው በድንጋዮቹ መካከል እየወረደ ነው፣ አንዲት ዶሮ ጠጋ ብላ ታየዋለች። ሳጥን 5፦ ጀግናው፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «እትዬ፣ ደህና ነዎት? አተረፍንዎት!» ሳጥን 6፦ ሴትዮዋ እሱን አያዩትም፤ ጋኑን እያዩ «የእናቴ ጋን ነበር» ይላሉ። ገጹ እዚህ ያብቃ። ይቅርታ አትጨምሩ፣ ማብራሪያ አትጨምሩ። ያ ልጅ እውነትም ነፍስ አትርፏል፣ ሴትዮዋም እውነትም ተበድለዋል። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ነው ጥርጣሬው የሚያሳምነው።

ከዚያ ወሬው ይሂድ። ወሬ የሚጣፍጠው በየደረጃው ትንሽ እውነት ሲኖረው ነው። ባጃጅ ውስጥ «ጋኗን ሰበሩባት»፤ ፀጉር ቤት «ጋኖቿን ጨረሱባት»፤ ቡና ላይ «ቤቷን ደረመሱት፣ አሉ»፤ የእህል ገበያ ላይ «ልጇ ሆስፒታል ነው»። አራት ጠባብ ሳጥን በአንድ መስመር፣ አፍና ጆሮ ብቻ በቅርብ። አንባቢ ይስቃል፤ ግን ገጽ 15 ላይ ጀግኖቹ «ሰፈሩን ልቀቁ!» ሲሉ ለምን ማንም እንዳልተነሳ ይገባዋል።

ሕዝቡን አንድ ሰው አታድርጉት። ቢያንስ ሦስት ድምፅ ይኑር፦ የተጎዳ፣ የሰማ፣ በጥርጣሬው የሚያተርፍ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ቤቱ ሳይነካ ካሳ ጠያቂዎች ሰልፍ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ብትጨምሩ ሳቅም ታገኛላችሁ፣ ጀግኖቹም ተጠራጣሪ ይሆናሉ፤ ጥርጣሬ ደግሞ በሁለት በኩል ሲሆን ይበልጥ ይጣፍጣል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ያለ አዝማሪ ሐሜት ጎደሎ ነው። አንድ ግማሽ ገጽ ለማሲንቆ ስጡ። ለምሳሌ እንዲህ ይበል፦

*አዳኝ መጣ ሲሉ እኔማ ደስ አለኝ፤*
*ሰፈሬን ዱር አርጎ ሚዳቋ ነህ አለኝ።*

«አዳኝ» ሲላላ ከሞት የሚያድን ነው፣ ሲጠብቅ አውሬ የሚያድን። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ይህ ለአንባቢ ችግር ሊሆን ይችላል፣ ለኮሚክ ሠሪ ግን ሀብት ነው። የንግግር ፊኛው ውስጥ ግጥሙን ጻፉና ከበስተጀርባ ጥጉ ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ጀግና ሣሉ። ትርጉሙን በግርጌ አታብራሩ፤ የሚስቁትን ሰዎች ፊት ማሳየት ይበቃል።

አሁን የሚበላሸው ቦታ፦ ብዙዎች ጀግናውን አደባባይ አውጥተው ንግግር ያስደርጉታል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ጥርጣሬው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም፣ እናንተም አላያችሁም። በደል በሽምግልና ነው የሚፈታው። ዋርካ ሥር ሦስት ሽማግሌ አስቀምጡ። አንደኛው «ልጄ፣ ጋኑን ሰብረሃል ወይስ አልሰበርክም?» ይበሉ። ልጁ «አባባ፣ አውሬው እኮ…» ሲል ያቋርጡት፤ «ስለ አውሬው አልጠየቅሁህም»። ይህ አንድ ገጽ ከሦስት ገጽ ፍልሚያ ይበልጣል። ካሳው ይወሰን፤ ጉልበተኛው ጀግና ጋን ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ፣ እንዳይሰብር ሲጠነቀቅ አሳዩ። 34 ቶን የገፋ ልጅ በአንድ ጋን እጁ ይንቀጠቀጥ። ሴትዮዋ ጋኑን ተቀብለው አፉን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጡ፤ ስንጥቅ እንደሌለው ጋን ገዢ የሚያውቀው በዚያ ነው። አያመስግኑ። በማግስቱ ግን ዶማ ይዘው ተራራው ላይ ከሚወጡት የመጀመሪያዋ እሳቸው ይሁኑ።

«ቡድናችን ስንት አባል ይኑረው? ስሞቹንስ “ሱፐር ጎንደር” እና “መብረቅ ማን” ብለናቸው ነበር።» — ከማራኪ

ለ24 ገጽ አራት ይበቃል። አምስተኛ ከፈለጋችሁ ገጽ 9 ላይ ይጎዳና ይቀመጥ። እያንዳንዱ ሌላው የማይችለው አንድ ነገር ይኑረው፤ ሁለቱ ጉልበተኞች ከሆኑ አንዱን አውጡት።

ስሞቹን ግን ጣሏቸው። አገራችን ለዚህ የራሷ ሥርዓት አላት፤ የፈረስ ስም። አፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ይባሉ ነበር። በሁለት ቃል ጠባይንም ኃይልንም ይናገራል። አጭር ግሥ ምረጡና «አባ» አስቀድሙ፤ ለሴት አባል «እመ» ብትሉ ጆሮ አይጎረብጥም። የነገሥታቱን ስም ራሱን አትውሰዱ፣ አንባቢ ሌላ ታሪክ ይጠብቃል። የውጭ ጀግኖችን ስምና ልብስም እንዲሁ ተዉት፤ ባለቤት አላቸው።

ሕዝቡ ደግሞ የራሱን ስም ያውጣላቸው። ጀግኖቹ ራሳቸውን «አባ» ምንትስ ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ «ጋን ሰባሪዎቹ» ይበላቸው። መጨረሻ ላይም ስሙን አትቀይሩት፤ የሚጠሩበት ድምፅ ብቻ ይቀየር።

«ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ፍልሚያውን ፋሲል ግቢ ውስጥ አድርገውታል። ሁለት ነገር ይከብዳቸዋል፤ ግንቡ ሲሣል ትንሽ ቤት ይመስላል፣ ሲፈርስም ኮንዶሚኒየም የፈረሰ ይመስላል። የፊት አሣሣል ላይም ምክር ካላችሁ።» — ከቀሃ አካባቢ

የመጀመሪያው የልኬት ጉዳይ ነው። የአፄ ፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎችዎ ግንቡን በ16 ሴንቲ ሜትር ከሣሉት አንድ ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 1.70 የሆነ ሰው 8.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ልጆች ሰውየውን 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚያደርጉት ነው ግንቡ ጎጆ የሚሆነው። ጀግናው ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ ግንቡን ሙሉ አያሣሏቸው፤ አንድ ክብ ማማና ጥርሳማው የጣሪያ ጫፍ ይበቃል፣ የቀረውን አንባቢ ይሞላዋል። ግቢውን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ሥዕል መጀመሪያ ላይ ይኑር፤ 900 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ግንብ ዙሪያውን ከቦት።

አፈራረሱ ላይ ልዩነቱ ቁሱ ነው። ግንቦቹ የተሠሩት በድንጋይና በኖራ ነው፤ ፌሮ የለባቸውም። ኮንክሪት ሲፈርስ በሰፌድ በሰፌድ ይወርዳል፣ የተጣመመ ብረት ይንጠለጠላል። የኖራ ግንብ ግን በመጋጠሚያው ነው የሚለቀው፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሙሉ ሆነው ይወድቃሉ፣ ጠርዙ እንደ ደረጃ ይቀራል፣ ነጭ አቧራ ይነሳል። ቅስት ደግሞ ከሁሉ በኋላ ነው የሚወድቀው። የአፄ ኢያሱን ግንብ ወስደው ያሳዩአቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1704 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ቦምብ የተጎዳ ስለሆነ የተሰበረ ግንብ ምን እንደሚመስል እዚያው ቆሞ ይታያል። ከመጽሐፍ ከመቅዳት እዚያ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ለፍልሚያ ከግቢው ይልቅ የፋሲል መዋኛ ይስማማል። ጠላቱ ከውኃ ኃይል የሚያገኝ ከሆነ ገንዳው ደረቅ በሆነበት ወር ወጥመድ ይሆንለታል። ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ነው የሚመጣው፤ ቦዩን የዘጋ አሸነፈ። አጥሩን ያቀፉት የዛፍ ሥሮችም ለቀለም ብዕር የተፈጠሩ ናቸው።

ፊትን በተመለከተ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሻለ መምህር የለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ በፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን። አንባቢ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ታዲያ ሰፈሩ ጀግኖቹን በሚያይባቸው ሳጥኖች ሁሉ ጀግኖቹን በአንድ ዓይን ያሥሏቸው። እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ሁለት ዓይን ይኑራቸው። ከሽምግልናው በኋላ ሴትዮዋ ቀና ብለው ባዩበት ሳጥን ጀግናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፈር ሰው ፊት ሁለት ዓይን ያግኝ። ይህ የሚሠራው ከገጽ 1 ጀምሮ ሳይዛነፍ ከተጠበቀ ነው፤ አንድ ልጅ ሳጥን መሙላት ሰልችቶት ጎኑን ከሣለ ይፈርሳል። ስለዚህ ንድፉ እንዳለቀ አንድ ተማሪ ዓይን ብቻ እየቆጠረ ይለፍ።

«8ኛ ክፍል ነኝ። ኮሚኬን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ለክፍል ልጆች ላዳርስ ብል ፊደሎቹ ተደፈኑ፣ ገጾቹም ተዘበራረቁ።» — ከሳሙና በር

አይዞህ፣ ሁሉም ሰው የመጀመሪያውን እትም እንዲህ ነው የሚያበላሸው።

እያንዳንዱን ገጽ በአንድ ኤ4 ላይ ሥራና ፎቶ ኮፒ ቤት «ወደ 71 በመቶ አሳንሱልኝ» በል፤ ልክ ኤ5 ይሆናል። 5 ሚሊ ሜትር የጻፍከው ፊደል 3.5 ይሆናል፣ ይነበባል። ከ4 በታች ከጻፍክ ግን እንደ ቋ፣ ጧ፣ ጬ ያሉት ይደፈናሉ፣ «ሰ» እና «ስ» ጭምር አይለዩም። ፊደሉን በ0.5 ቀጭን ማርከር ጻፍ፤ በእስክሪብቶ የሞላኸው ጥቁር ኮፒ ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ጥላን በእርሳስ አትሥራ፣ ጭቃ ይሆናል፤ በመስመር ሥራው፣ በመስመሮቹ መካከልም ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ተው። ንድፉን በቀላል ሰማያዊ እርሳስ ከሠራህ ኮፒው ብዙ ጊዜ አያነሳውም፣ ላጲስ ላያስፈልግህ ይችላል። ከጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በመታጠፊያው በኩል 1.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን።

የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «አላስጠነቀቅናችሁም» ብቻውን አንድ መስመር ይወስዳል። ስለዚህ ፊኛህ ወደ ጎን ሰፊ ይሁን፣ ከ12 ቃልም አይብለጥ። መጀመሪያ ፊደሉን ጻፍ፣ ፊኛውን በኋላ ክበበው። ካፒታል ፊደል ስለሌለን ጩኸትን በመጠንና በውፍረት አሳይ፤ ተራው 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጩኸቱ 8 ይሁን። ለድምፅ «ቡም» አትጻፍ። ግድግዳ «ድርምስ»፣ ብረት «ጓ»፣ ውኃ «ፏ» ይላል።

ለገጹ መዘበራረቅ ቁጥሩ ቀላል ነው። ገጽህ በ4 የሚካፈል ይሁን። መሀሉ ላይ የሚታጠፍ አንድ ኤ4 ወረቀት ከፊት ሁለት፣ ከጀርባ ሁለት ኤ5 ገጽ ስለሚይዝ 24 ገጽ ማለት 6 ወረቀት ነው፤ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ገጾች ተደምረው ሁልጊዜ 25 ይሆናሉ። በመጀመሪያው ወረቀት ፊት ግራ 24፣ ቀኝ 1፤ በጀርባው ግራ 2፣ ቀኝ 23። በሁለተኛው 22 እና 3፣ ጀርባው 4 እና 21። እንዲህ እያልክ ስድስተኛው 14 እና 11፣ ጀርባው 12 እና 13 ይሆናል። ሁለት ገጽ የሚይዝ ትልቅ ሥዕል ካለህ 12 እና 13 ላይ አድርገው፤ ሳይቆረጥ በአንድ ወረቀት ላይ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው። የሚያስደነግጠውን ነገር ደግሞ ግራ ገጽ ላይ አኑረው፣ አንባቢ ገልጦ እንዲያገኘው። ሁሉንም ከማስባዛትህ በፊት አንዱን ብቻ አስወጣና ገጽ 2 ከገጽ 1 ጀርባ ሳይገለበጥ መምጣቱን እይ።

ተራ ስቴፕለር መሀል ድረስ አይደርስም። ዘርግተህ ክፈተው፣ ከወረቀቱ ሥር ወፍራም ካርቶን አድርግና መታጠፊያው ላይ ሁለት ቦታ ምታ። ከዚያ ካርቶኑን ቀስ ብለህ አላቀውና የወጡትን ሽቦዎች በማንኪያ ጀርባ ወደ ውስጥ እጠፋቸው።